የሙሽ ከሰልና የአረፋ ማጥሪያ ዘዴ

የድንጋይ ከሰልን በውሃና በአየር አረፋ አንሳፎ የማጥራት ዘዴ በማዕድንና በኬሚካል ምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ የተወደደ የጥናት ርእስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መሣሪያው ከአንድ ጠረጴዛ አይበልጥም፤ ቅመሙ ላምባና ናፍጣ ስለ ሆነ ከገበያ አይጠፋም፤ ውጤቱም በአንድ ቀን ውስጥ ተመዝኖ ይታያል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ስለ ላምባው መጠን፥ ሌላው ስለ ማማሰያው ፍጥነት፥ ሦስተኛው ስለ ውሃው አሲድነት ይጽፋል። ሁሉም ጽሑፉን የሚዘጋው ግን በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ «ከሁሉ የተሻለው የሥራ ሁኔታ ይህ ነው» ይላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የመዝጊያ ቃል ነው። ነቀፌታችን በአንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ አይደለም። እኛም ራሳችን በዚሁ መንገድ አልፈናልና ከነቀፌታው ድርሻችንን አስቀድመን እንወስዳለን።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቦታ ይዘን እንነጋገር። በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙም ሳይርቅ፥ የሙሽ ሸለቆ ይገኛል። በቀድሞው የአገር አከፋፈል ስፍራው የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ሲሆን፥ ከዚያ ወደ ሰሜን መንዝና ግሼ፥ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ መርሐ ቤቴ ይገኛሉ። የሙሽ ከሰል የተፈጠረው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብሮች መካከል በነበረ የጥንት ሐይቅ ዳርቻ ነው። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት በአንድነት ባደረጉት ምርምር በዚያው ሸለቆ የተገኙት የቅጠል ቅሪቶች ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው፤ ዛሬ ዛፍ የጎደለው ያ ደጋ በዚያን ዘመን ደን እንደ ነበረበትም ይመሰክራሉ።

22 ሚሊዮን ዓመት ለሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ለከሰል ግን ገና ልጅነት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ የመማሪያ መጻሕፍት የሚነገርለት ከሰል 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጠረ ነው። የሙሽ ከሰል ሊግናይት ከሚባለው ከወጣቱ ዓይነት የሚመደብ ሲሆን፥ ርጥበት ይበዛዋል፤ ከሐይቁ የተረፈው ሸክላ አፈርና ከእሳተ ገሞራ የወረደው አመድም ከነንብርብሩ ገብቶበታል። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ጉዳዩ የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመንዝን ደጋ የረገጠ ሰው በየግቢው የተከመረውን ኩበት አይቷል። እንጨት ባነሰበት አገር ኩበት ማንደድ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ምድጃ ውስጥ የሚነደው ኩበት ለገብሱ ማሳ ሊሆን የሚገባው ፍግ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከመርሐ ቤቴ ብዙም በማይርቀው በእንሳሮ ወረዳ፥ በለሚ፥ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። የሲሚንቶ ምድጃ ብዙ ነዳጅ ይበላል፤ የአገራችን ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ለብዙ ዓመታት ከሰል በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ ኖረዋል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ተማሪ «ይህ ከሰል በአረፋ ይጠራል» ብሎ ቢጽፍ፥ ያንን ቃል አምኖ ገንዘብ የሚያወጣ፥ ወንዝ የሚጠልፍና ጕድጓድ የሚቈፍር ሰው አይጠፋም። «አይጠራም» ብሎ ቢጽፍም ሊጠቅም የሚችል ሀብት ተንቆ ሊቀር ይችላል። ሁለቱም ቃል ዋጋ ያስከፍላል።

ነቀፌታችንን ከመዘርዘራችን በፊት ዘዴውን ባጭሩ እንግለጽ። ከሰሉ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች እስኪሆን ይፈጫል፤ ከዚያም በውሃ ይበጠበጣል። ይህንን ብጥብጥ እንደ ጠላው ድፍድፍ ብንለው አንባቢው ይረዳናል። በድፍድፉ ላይ ጥቂት ላምባ ወይም ናፍጣ ይጨመራል፤ ይህ ሰብሳቢ ይባላል። ቀጥሎም አረፋው ቶሎ እንዳይፈነዳ የሚያደርግ ሌላ ቅመም ይገባል፤ እርሱም አረፋ አስነሺ ይባላል። በመጨረሻ ማማሰያው ሲሽከረከር አየር ከሥር ይነፋል። ጥሩ ከሰል በተፈጥሮው እንደ ቅባት ውሃን ይሸሻል፤ ስለዚህ ከአየሩ አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል። ሸክላ አፈርና ድንጋይ ግን ውሃን ስለሚወዱ ከታች ይቀራሉ። ገበሬው በአውድማ ላይ ገብሱን ወደ ነፋስ ሲያዘራ ነፋሱ ገለባውን ይወስድና ፍሬውን ይተዋል፤ በዚህኛው አውድማ ግን ነፋሱ የሚወስደው ፍሬውን፥ የሚተወው ደግሞ ገለባውን ነው።

በአውድማ ላይ ነፋሱ ሲያንስ ገለባው አይለይም፤ ሲበዛ ፍሬውም አብሮ ይሄዳል። የሥራ ሁኔታ ማለትም ይኸው ነው። የድቃቂው ልመት፥ የድፍድፉ ውፍረት፥ የቅመሞቹ መጠን፥ የውሃው አሲድነት፥ የማማሰያው ፍጥነት፥ የአየሩ ብዛት፥ የአረፋው ጥልቀት፥ አረፋው የሚቀዳበት ጊዜ፥ እነዚህ ሁሉ ልክ አላቸው። ተማሪዎች እነዚህን ለመመርመር መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ጕድለቱ በአመራመሩ ላይ ነው፤ እርሱንም በአራት ከፍለን እናያለን።

የመጀመሪያው ጕድለት ከሰሉን ሳይጠይቁ ስለ ቅመሙ መጠየቅ ነው። መጻሕፍቱ ለአንድ ቶን ከሰል ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ላምባ ይበቃል ይላሉ። ይህ ለበሰለው፥ ቢቱሚናስ ለሚባለው ከሰል እውነት ነው። የሊግናይት ገጽ ግን በኦክስጅን ውሑዶች የተሞላ ስለ ሆነ ውሃን አይሸሽም፤ ይልቁንም ይወዳል። ከዚህም በላይ ከሰሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ስለ ሆነ፥ ላምባው ገጹን ከመቀባት ይልቅ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። በዚህ ምክንያት መጠኑን ብዙ እጥፍ ካላሳደጉት አረፋው ባዶውን ይወጣል፤ መጠኑን ካሳደጉት ደግሞ ለማጥሪያ የሚጠፋው ነዳጅ ከሚገኘው ነዳጅ ጋር መወዳደር ይጀምራል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ከሰል ከላምባ ይልቅ ራሳቸው ኦክስጅን ያለባቸውን ቅባቶች፥ ለምሳሌ ከአትክልት ዘይት የሚገኙትን አሲዶች፥ መሞከር ይበልጥ ተስፋ አለው። የውሃው አሲድነትም እንዲሁ ነው። አየርና ዝናብ የመታው ከሰል አልካሊነት ባለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሑሚክ አሲድ የሚባለውን ቡናማ ነገር ይለቃል፤ በዚያን ጊዜ ገጹ ከፊተኛው ይልቅ ውሃ ወዳድ ይሆናል። ተማሪው ናሙናውን የለቀመው ከሸለቆው ጫፍ፥ ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከነበረው ከሰል ከሆነ፥ የፈተነው የሙሽን ከሰል ሳይሆን የሙሽን ከሰል ሽማግሌ ነው። ሆኖም ናሙናው ከየትኛው ንብርብር፥ በስንት ጥልቀትና በየትኛው ቀን እንደ ተወሰደ፥ ከዚያም ለስንት ወር በጆንያ እንደ ተቀመጠ የሚገልጽ ጽሑፍ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጕድለት በአቈጣጠር ላይ ነው። ብዙዎቻችን ወደ ላይ የወጣውን መዝነን፥ ብዙ ሲሆን ደስ ይለናል። እኛም አንድ ጊዜ ማሰሮውን የሞላ ጥቁር አረፋ ቀድተን እርስ በርሳችን እንኳን ደስ ያለህ ተባብለናል። በማግሥቱ ያንኑ ከሰል አቃጥለን አመዱን ስንመዝን ግን ከጥሬው የተለየ አልነበረም። ያነሣነው ከሰልን ከነአፈሩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብደትን ብቻ አናምንም።

ነገሩን በቍጥር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ በሐሳብ እንውሰድ። 100 ኪሎ ጥሬ ከሰል 40 ኪሎ አመድና 60 ኪሎ የሚነድ ክፍል አለው እንበል። አንደኛው ተማሪ 80 ኪሎ አነሣ፤ አመዱ ከመቶ 35 ነው። ስለዚህ ከ60 ኪሎው የሚነድ ክፍል 52ቱን፥ ማለት ከመቶ 86.7 አግኝቷል፤ ከ40 ኪሎው አመድ ግን ያስወገደው 12ቱን፥ ማለት ከመቶ 30 ብቻ ነው። ሁለተኛው ተማሪ 50 ኪሎ ብቻ አነሣ፤ አመዱ ከመቶ 20 ነው። የሚነደውን ክፍል ከመቶ 66.7 አግኝቶ አመዱን ከመቶ 75 አስወግዷል። ከሰሉ ምንም ሳይለይ እንዲሁ ለሁለት ቢከፈል ሁለቱ ቍጥሮች ተደምረው ምንጊዜም 100 ይሆናሉ። ስለዚህ የመለየቱ ሥራ የሚታየው ድምሩ ከ100 በሚበልጥበት ልክ ነው። የአንደኛው ትርፍ 16.7፥ የሁለተኛው 41.7 ነው። በክብደት ቢመዘኑ ግን አንደኛው ተማሪ ባሸነፈ ነበር። እንግዲህ ከላይ የወጣውንም ከታች የቀረውንም፥ የሁለቱንም አመድ ሳይለኩ «የተሻለ» ማለት አይቻልም። ከዚህም ጋር የርጥበቱ ነገር አለ። ከአረፋ የተገኘ ከሰል ዱቄት ስለ ሆነ ውሃ ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነንም 2.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይጠፋል። አመድ አስወግዶ ውሃ መሸከም ትርፉ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ጕድለት ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ መለወጥ ነው። ተማሪው ሌላውን ሁሉ እንዳለ አቁሞ የላምባውን መጠን ይለውጣል፤ «የተሻለውን» መጠን ያገኝና እርሱን አቁሞ ወደ ፍጥነቱ ይሄዳል፤ ከፍጥነቱም ወደ አሲድነቱ። መንገዱ ሥርዓት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ሁኔታዎቹ እንደ አንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነሣል። አረፋ አስነሺው ጥቂት በሆነ ጊዜ ማማሰያውን ማፍጠን ከሰሉን ከአረፋው ጋር ያገናኘዋል፤ አረፋ አስነሺው በበዛ ጊዜ ግን ያው ፍጥነት ውሃውን ከነሸክላው ወደ ላይ ይጠርገዋል። እንግዲህ «የተሻለው ፍጥነት» የትኛው ነው? ብቻውን መልስ የለውም። ይህንን ችግር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሮናልድ ፊሸር በእህል ማሳ ላይ አይቶ መፍትሔ ሰጥቶበታል፤ ማዳበሪያዎቹን ለየብቻ ከመሞከር ይልቅ በአንድነት እያቀላቀሉ መሞከር ነው። በእኛም ዘንድ ሦስት ሁኔታዎች እያንዳንዳቸው በዝቅተኛና በከፍተኛ መጠን ቢወሰዱ፥ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፥ ስምንት ፈተና ብቻ ይሆናል። በመካከለኛው መጠን ሦስት ጊዜ ቢደገም ደግሞ የእጃችን ስሕተት ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። ስሕተቱ ካልታወቀ፥ በሁለት ቍጥሮች መካከል ያለ ጥቂት ልዩነት ከሁኔታው ይሁን ከሚዛኑ ማን ይፈርዳል?

አራተኛው ጕድለት አገሩን መርሳት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ነው። አየር መለኪያው ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ከሆነ ንባቡ ሳይታረም መጻፍ የለበትም። የደጋው ብርድም ቀላል አይደለም። በውርጭ ማለዳ የተቀዳ ውሃ ናፍጣውን ያወፍረዋል፤ ናፍጣው በጥሩ ሁኔታ ካልተበተነ ደግሞ ቅባቱ በጥቂት ከሰል ላይ ተከማችቶ ብዙው ሳይነካ ይቀራል። በቤተ ሙከራ በሞቃት ክፍል የተገኘውን ውጤት ወደ ሙሽ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ማስላት አለበት። ውሃውም ራሱ ቅመም ነው። በቤተ ሙከራ በየፈተናው ንጹሕ ውሃ እንቀዳለን፤ በፋብሪካ ግን ያው ውሃ ተመላልሶ ያገለግላል፤ በተመላለሰም ቍጥር ከሸክላውና ከከሰሉ የሚሟሟው ነገር ይከማችበታል። እሳተ ገሞራ የወለደው ሸክላ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጠባይ ሊኖረው ስለሚችል፥ ድፍድፉን ያወፍራል፤ የከሰሉንም ገጽ እንደ ምርጊት ይለስናል። ስለዚህ ልሙን ሸክላ አስቀድሞ ማጠብ ወይም እንደ ሶዲየም ሲሊኬት ባለ ቅመም መበተን ከላምባው መጠን በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እዚህ ላይ «ተማሪ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?» የሚለን ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጠየቅነው መሣሪያ አይደለም። ስምንት ፈተና አንዱን ሁኔታ ብቻ በስምንት መጠን ከመሞከር የበለጠ ድካም የለውም። የታችኛውን ዝቃጭ ማቃጠል አንድ ተጨማሪ የሸክላ ጽዋ ነው። የናሙናን ቀንና ጥልቀት መጻፍ እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ «ቀድሞ በላምባ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። ላምባ በሊግናይት ላይ ደክሞ መታየቱ ራሱ ዕውቀት ነው፤ ከንቱ የሚሆነው ድካሙ «የተሻለ ሁኔታ» ተብሎ ሲሰየም ነው።

ከዚህ በመነሣት የሥራውን ቅደም ተከተል እንዲህ ብናደርገው ይሻላል እንላለን። በመጀመሪያ ከሰሉ በልዩ ልዩ ክብደት ባላቸው ፈሳሾች ይፈተን። ከሰል ከውሃ ጥቂት ብቻ ይከብዳል፤ ሸክላና ድንጋይ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳሉ። አመዱ በጕልህ ንብርብር የገባ ከሆነ፥ ከመፍጨት በፊት ጓል ጓሉን በክብደት ማጠብ ብዙውን ሥራ በርካሽ ይጨርሳል፤ አረፋው የሚያስፈልገው ለተረፈው ድቃቂ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴል የተባለው እንግሊዛዊ ባስተማረው ዘዴ፥ የወጣው አረፋ ተመልሶ እየተንሳፈፈ ደጋግሞ ይጣራ። ይህ ዘዴ ያ ከሰል በአረፋ ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ ወሰን ለማወቅ ይረዳል። አመዱ ከከሰሉ ጋር በዓይን በማይታይ ልክ የተቀላቀለ ከሆነ፥ ማማሰያውን የፈለገውን ያህል ብናሽከረክረው አይለይም፤ ውሃ መውቀጥ ነው። ሦስተኛ፥ የሥራ ሁኔታዎች የሚመረመሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ «የተሻለ» የሚለው ቃል ከምን እንደ ተሻለና ከወሰኑ ምን ያህል እንደ ራቀ ስለሚናገር ትርጕም ያገኛል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ዝቃጩ ነው። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ሁለተኛው ተማሪ 50 ኪሎ የጠራ ከሰል ሲያገኝ 50 ኪሎ ጭቃ ከቅባቱ ጋር ቀርቶበታል። በጽሑፎቻችን ይህ ጭቃ ከቱቦው አፍ በኋላ አይነገርለትም። በሸለቆው ታች ግን ከወንዙ የሚጠጣ ከብትና መስኖ የሚጠልፍ ገበሬ አለ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ በነበረበት ዘመን ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ያቈየው ነበር፤ የሚከፈተውም ምን ያህል እንደ ደረሰ ታይቶ፥ በጋራ ተመክሮ ነበር። ለውሃውም እንዲሁ ያለ ቍጥር ያስፈልጋል። ለአንድ ቶን የጠራ ከሰል ስንት ሊትር ውሃ እንደ ጠፋና ስንቱ እንደ ተመለሰ የማይናገር ጽሑፍ የሥራ ሁኔታዎችን ሁሉ መርምሬአለሁ ሊል አይገባውም።

ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ከሰል ለሚያጣራ ተማሪ የተነገረ ያህል ነው። የሙሽ ከሰል በአረፋ ይጠራል ወይም አይጠራም ብለን በዚህ ጽሑፍ አልፈረድንም፤ ፍርዱ ከሸለቆው ልብ በተወሰደ አዲስ ናሙና፥ በደጋው ውሃ፥ ከላይም ከታችም በተለካ አመድ ሊሰጥ የሚገባው ነው። ይህንን የሚሠራ ጓደኛ ቢነሣና ውጤቱ ከጠረጠርነው ሁሉ የተለየ ሆኖ ቢገኝ፥ በዚሁ መጽሔት ላይ ስሕተታችንን ለማመን ዝግጁዎች ነን።